በፊውዙ ቦታ የተገኘው ሽቦ

የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም በሕይወቱ አንድ ሬዲዮ ከፍቶ አያውቅም። ይህን የምጽፈው ልጆቹ እስከ ዛሬ ድረስ «አባታችን በነገሌ ቦረና የታወቀ የሬዲዮ ባለሙያ ነበር» እያሉ በየለቅሶ ቤቱ እንደሚያወሩ ስለሰማሁ ነው። እሱ ሞቷል። እኔ ግን አልሞትኩም።

ሱቁ የባሌ ነበር። ከገበያው ወደ ጦር ሰፈሩ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። ባሌ በጦር ሰፈሩ ሬዲዮ ክፍል አገልግሎ ወጥቶ ነው የከፈተው። ሙያውን ያስተማረኝ ስለወደደኝ አይደለም። ጠዋት ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ነው። ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ አልደግመውም። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ከፊት ተቀምጦ ደንበኛ የሚያነጋግረው እሱ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የምበይደው እኔ ሆንን። ደንበኛው «አበጀህ! እጅህ ይባረክ!» ሲለው «ምን አለበት፣ ቀላል ናት» ይላል። አንድ ቀን አንድ አስተማሪ የሚቀልጥ የእስታኞ ብየዳ ሽታ ሸቶት «ምንድነው የሚሸተኝ?» ብሎ ጠየቀው። ባሌ ሳቅ ብሎ «ሴትየዋ ናታ፣ ወጥ አሳርራ ነው» አለው። እኔ የጋለውን መበየጃ ይዤ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ሰማሁት። ዝም አልኩ። ዝምታዬ ምን እንዳስከፈለኝ ያወቅኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ ሱቁ ውስጥ የሚሠራው ማን እንደነበር የሚመሰክርልኝ አንድ ሰው አልነበረም።

ወባ ገደለው። ወንድሙ ከሰሜን ለአርባው ተዝካር መጣ። ተዝካሩ አለፈ፤ እሱ አልሄደም። መጀመሪያ የባሌን ካፖርት ለበሰ። ቀጥሎ የባሌ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ መሣሪያዎቹን በአንድ ሣጥን ሰብስቦ ቆለፈና ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ካቻቢቴና ፒንሳ ለይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ በጭነት መኪና ሻኪሶ ደርሶ ተመለሰ። «ዘመድ ልጠይቅ» ብሎ ነው የሄደው። ሻኪሶ ውስጥ ዘመድ እንደሌለው ከኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የሱቁ ፈቃድ በባሌ ስም ስለነበር ከሱ ጋር ሞተ። በስሜ እንዲዞርልኝ ለመጠየቅ ማዘጋጃ ቤት ስሄድ እሱ ቀድሞኝ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ከሹሙ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ለኔ ወንበር የለም።

«በምን ሙያ ነው ፈቃድ የምትጠይቂው?» አለኝ ሹሙ።

«በሬዲዮ ጥገና ጌታዬ።»

ሹሙ ሳቀ። ከጎኑ ያለው ጸሐፊም አለቃው ስለሳቀ ሳቀ። «የሻይ ቤት ብትይኝ ዛሬውኑ በፈረምኩልሽ» አለ።

«ሐዘን ነው ጌታዬ» አለ የባሌ ወንድም ራሱን እየነቀነቀ። «ሐዘን ነው የሚያናግራት። ሱቁ የወንድሜ ነው፤ ሙያውም የቤተሰባችን ነው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ የቆለፉበትን ሣጥን ይክፈቱና አንድ ኮንደንሰር ያሳዩን» አልኩት። ኮንደንሰር ምን እንደሚመስል እንደማያውቅ ፊቱ ተናገረ፤ ሹሙ ግን ፊት የሚያነብ ሰው አልነበረም።

ሹሙ በዚያ ሳምንት የራሱ ጭንቅ ነበረበት። ከብት የሚከትቡ ሰዎች ሊመጡ ነው። በፊልቱ መንገድ ያለው አርብቶ አደር ሁሉ ከብቱን በየትኛው ቀን ወዴት እንደሚነዳ በድምፅ ማጉያ እንዲነገረው ከበላይ ታዟል። የማዘጋጃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ዝም ብሏል። በመኪና ባትሪ የሚሠራ፣ የዳቦ መጋገሪያ ቆርቆሮ የሚያክል ሣጥን ሲሆን ሁለቱ ጡሩምባዎች የመኪናው ጣራ ላይ ናቸው። የቀድሞዋ እንግሊዝ ሠራሽ መኪና ሞተሯ ከነደደ ወዲህ ሣጥኑን አውርደው አዲሱ ፒክአፕ ላይ አሰሩት፤ ከታሰረበት ቀን ጀምሮ አልተነፈሰም።

ሹሙ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳ። «እንግዲያው ቀላል ነው። ሣጥኑን ያናገረ ሰው ፈቃዱን ይወስዳል። ለቅዳሜ ገበያ መድረስ አለበት።» ወደ ባሌ ወንድም ዞሮ «አንተ ጀምር፤ ወንድ ይቅደም» አለ።

ወንድ ቀደመ። ሁለት ቀን ቀደመ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሾፌር ሣጥኑን በትከሻው ተሸክሞ ሱቁ በር ላይ መጣ። የነገሌ ልጅ ነው። አማርኛውን ሲናገር ግማሹ ኦሮምኛ ነው፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ሁሉ የሚሻለው ግን እሱ ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ እትዬ? ናጋ?»

«ናጋ። ምን ይዘህ መጣህ?»

«ሬሳ ነው የያዝኩት» አለና ሣጥኑን መሬት ላይ አኖረው። «ዘመድሽ አብስሎታል። ‹ትራንስፎርመሩ ነዷል፣ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ካልመጣ አይሆንም› ብሎ ለሹሙ ነገረው። ሹሙ ደግሞ ‹በሉ ለሴትየዋም ውሰዱላት፣ በኋላ ቅር እንዳይላት› አለ።»

«እንዴት አበሰለው?»

«ፊውዝ ከተተ፣ ጠስ! ሌላ ከተተ፣ ጠስ! ሦስተኛውም ጠስ! ከዚያ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ከተተ፤ እሱም ሄደ። ‹አንተ ወደ ውጭ ውጣ› አለኝ። በመስኮት ሳየው መቀስ ይዞ የካፖርቱን ጫፍ ይተረትራል። ካፖርትና ሬዲዮ ምን አገናኘው ብዬ ቆሜ አያለሁ። ስመለስ ሣጥኑ ጭስ ይተፋል፤ እሱ ደግሞ ‹አሁን ያዘ!› ይላል።»

«ምን ያዘ?»

«እሳት ነዋ! ያ ዋቃ፣ ያንተ ያለህ! ባትሪውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ሣጥኑን እንዲነካው አልሰጠሁትም።»

የባሌ ወንድም ሥራው እንደማይሆን ስላረጋገጠ የመሣሪያውን ቁልፍ በሾፌሩ እጅ ልኮልኝ ነበር። ይህን እንደ ቸርነት ቆጥሮታል። እኔ በመጀመሪያ ያደረግኩት ሣጥኑን መክፈት አልነበረም። መጋረጃውን አወረድኩት። ጠረጴዛዬን ከበሩ አጠገብ አውጥቼ የሚያልፍ ሁሉ እንዲያይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጥቂት ሰዎች ቆመው አዩ። አንዱ «ምን እየሠራች ነው?» ሲል ሌላው «ባሏ ትቶት የሄደውን እያጸዳች ነው» አለው። ይሁን አልኩ።

የሣጥኑን ክዳን ስፈታ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ፊቴን መታኝ። የፊውዙን ቦታ አየሁ። በሁለቱ ቆንጣጮች መካከል ቢጫ ሽቦ፣ እንደ ሹሩባ የተገመደ፣ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ናስ መሰለኝ። በፒንሳ አውጥቼ በምላጭ ጫፍ ፈገፈግኩት፤ ለስላሳ ነው፣ ከውስጡም ያው ቢጫ ነው። ከጋብቻ ቀለበቴ ጎን አስተያየሁት። ቀለበቴ ፈዞ ታየ።

ሰውዬው ወርቅ ከትቶበታል።

አሳቡ ቁልጭ ብሎ ገባኝ። ሦስት ፊውዝ ተቃጠለ፤ ስለዚህ የማይቃጠል ነገር ያስፈልጋል፤ እሳት የማይበላው ነገር ደግሞ ወርቅ ነው። ፊውዝ ሣጥኑ ከመቃጠሉ በፊት እሱ እንዲቃጠል ተብሎ የሚቀመጥ ነገር መሆኑን ማንም አልነገረውም፤ ቢነግረውም አይሰማም ነበር። ወርቅም ቢሆን ቀጭን ከሆነ ይቀልጣል። የሱ ግን በሁለት የተገመደ ወፍራም ሽቦ ስለነበር መንገዱን ከፍቶ እሳቱን ወደ ውስጥ አሳለፈው።

ወርቁ ከየት እንደመጣም ገባኝ። በዚያን ጊዜ የሻኪሶ ወርቅ የመንግሥት ነበር። ያለ ወረቀት በእጁ የተገኘበት ሰው መንገዱ ወደ ወህኒ ነው። ዘመድ ጥየቃው፣ የካፖርቱ ጫፍ፣ ሁሉም አንድ ሆነ። ሽቦውን መሀረቤ ጫፍ ላይ ቋጥሬ ደረቴ ውስጥ አስገባሁትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

የዚያ ሣጥን ጉልበት ያለው ቫይብሬተር በሚባል፣ እንደ ትንሽ የወተት ጣሳ ባለ ነገር ውስጥ ነው። የባትሪው ኃይል በሣጥኑ ውስጥ ድምፁን ለሚያጎሉት የመስተዋት አምፖሎች ያንሳል። ጣሳው ውስጥ ያለች ቀጭን ብረት እንደ ንብ እየተንዘረዘረች የባትሪውን ኃይል ትቆራርጠዋለች፤ ትራንስፎርመሩ ደግሞ የተቆራረጠውን ተቀብሎ ብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። ስለዚህ ጤነኛ ሣጥን ገና ሲበራ ይንዘረዘራል። ይሄኛው አይንዘረዘርም።

በቴስተሬ ትራንስፎርመሩን ለካሁ። በሁለቱም ወገን የሽቦው ጥምጥም ግማሹና ግማሹ እኩል ነው። አልነደደም፤ ተለብልቦ ነው የተረፈው። «ትራንስፎርመሩ ነዷል» ያለው ሰውዬ ትራንስፎርመሩ የቱ እንደሆነ እንኳ አላወቀም። ሁለቱ ትልልቅ ኮንደንሰሮች አብጠው ሰማቸውን ተፍተዋል። ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ያለችው ትንሿም ተሰንጥቃለች፤ እሷ ጠንካራ ካልሆነች ቫይብሬተሩን ትፈጀዋለች። ባሌ ከጦር ሰፈር ከተጣሉ ሬዲዮዎች የለቃቀመው ዕቃ ነበር፤ አንድም ቀን ሲጠቀምበት አላየሁትም። ከዚያ ውስጥ እየለካሁ መረጥኩ። የቫይብሬተሩን ጣሳ ከንፈሩን ቀስ ብዬ ገልብጬ አወጣሁትና ተጣብቀው የቀሩትን የብረት ነጥቦች ለያይቼ በብርጭቆ ወረቀት አጠራሁ። መበየጃዬን ከሰል ላይ አግዬ ሁሉንም በየቦታው በየድኩ። በፊውዙ ቦታ ከመኪና ገመድ የመዘዝኩትን አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር አሰርኩ።

አርብ ጠዋት ሾፌሩን ባትሪና አንድ የመኪና የፊት መብራት አምፖል አምጣልኝ አልኩት።

«መብራቱ ለምንድነው? ቀን አይደለም እንዴ?»

«ዝም ብለህ እይ።»

አምፖሉን ባትሪውና ሣጥኑ መካከል አስገብቼ አሰርኩት። ሣጥኑ ውስጥ ኮንታክት ካለ፣ ማለትም ሽቦ ከሽቦ ተነካክቶ ከሆነ፣ አምፖሉ ይደምቃል፤ ሣጥኑ አይጎዳም። ከሌለ ይደበዝዛል። አገናኘሁት። አምፖሉ እንደ ፀሐይ ቦገገ።

ሾፌሩ ከንፈሩን መጠጠልኝ። የባሌ ወንድም ከመንገዱ ማዶ፣ ጨርቅ ሻጩ ደጅ ተቀምጦ ይመለከተኛል። ድምፁን ከፍ አድርጎ «አልኩ እኮ! ከአዲስ አበባ ካልሆነ አይሆንም! ምን አደከማት?» ሲል ለጨርቅ ሻጩ ሰማሁት።

አዲሶቹን ትልልቅ ኮንደንሰሮች ፈታሁ። አምፖሉ ደበዘዘ፣ ቫይብሬተሩም መንዘርዘር ጀመረ። መልሼ አሰርኳቸው። ቦገገ። በቴስተር ስለካቸው ደህና ናቸው። ደህና የሆነ ኮንደንሰር እንደ ኮንታክት የሚሆነው መቼ ነው? ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ተገልብጦ ሲመጣበት ነው። የባትሪውን ሁለት ገመዶች አቀያየርኩና አሰርኩ። አምፖሉ ደበዘዘ። ሣጥኑ ተንዘረዘረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመስተዋት አምፖሎቹ ቀስ ብለው ቀሉ።

ሾፌሩን ይዤ ማዘጋጃ ቤቱ ጓሮ ሄድኩ። የድሮዋ መኪና ከግራሩ ሥር ቆማለች፤ ፍየሎች ይተኙባታል። የሞተሯን ክዳን አስከፈትኩት። ከባትሪው ወደ መኪናዋ አካል የሚሄደው ወፍራም ገመድ የታሰረው ከፖዘቲቩ ነው። አዲሱን ፒክአፕ አየሁ፤ የሱ ከኔጋቲቩ ነው። ሣጥኑ ከመኪናው ብረት ጋር ስለሚታሰር አዲሱ መኪና ላይ በገባ ቀን ተገልብጦበታል ማለት ነው። ሦስት ፊውዝ የተቃጠለው ለዚህ ነው። ፊውዞቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ «ተው» ብለዋል። የሚሰማ አልነበረም።

ሣጥኑን የሠራው ሰው ይህን አስቦበት ነበር። የባትሪው ወገን ሲገለበጥ ቫይብሬተሩ መሰኪያው ላይ ግማሽ ዙር ዞሮ እንዲገባ አድርጎ ሠርቶታል። ሱቅ ተመልሼ ነቀልኩት፤ ግማሽ ዙር አዙሬ መልሼ ሰካሁት። ገመዶቹን እንደ አዲሱ መኪና አድርጌ ሞከርኩ። አምፖሉ ደበዘዘ። አምፖሉን አውጥቼ በቀጥታ አገናኘሁት። የመዳብ ክሯ አልተቃጠለችም። ይኸው ነበር። ያ ሁሉ ባርኔጣ፣ ያ ሁሉ «ወንድ ይቅደም» ግማሽ ዙር ነበር የጎደለው።

«ምን ነበር እትዬ?» አለኝ ሾፌሩ።

«አቧራ ነበር» አልኩት።

አመነኝ አላመነኝ አላውቅም። ግን እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ግማሽ ዙሩ ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሣጥኑን ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ባዛወሩ ቁጥር ዝም ይልባቸው ነበር። በመጡ ቁጥር «አቧራ ነው» እያልኩ አናግሬላቸዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ሹሙ፣ ጸሐፊው፣ የባሌ ወንድምና ከገበያው የመጣ ሰው ቆመዋል። ሾፌሩ መናገሪያውን ወደ አፉ አስጠግቶ በኦሮምኛ ሰላምታውን ለቀቀው። ጡሩምባዎቹ ጮኹ። ግመሎች ደነበሩ፤ አንዲት ወተት ሻጭ ጆሮዋን ይዛ ሳቀች። ሹሙ እጁን አጨበጨበ፤ ዞሮም የባሌን ወንድም ጨበጠው።

«እንኳን ደስ ያለህ። መሠረቱን አንተ ጥለኸው ነበር ማለት ነው» አለው።

እኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜያለሁ። እጄ ላይ የመበየጃው ቃጠሎ አለ።

የባሌ ወንድም ባርኔጣውን አስተካከለ። «ዋናውን ሥራማ ጨርሼው ነበር ጌታዬ። የቀረው ፊውዙ ብቻ ነበር። እሱንም ከመንገድ ማዶ ሆኜ እየነገርኳት ነው የሠራችው። ሴት ብቻዋን ምን ታደርጋለች!»

«እንግዲህ ፈቃዱን በአንተ ስም እናድርገዋ» አለ ሹሙ። ጸሐፊው ወረቀቱን ዘረጋ።

ቀረብ አልኩ። መሀረቤን ከደረቴ አወጣሁና ቋጠሮውን በሁለት ጣቴ ይዤ «ጋሼ» አልኩት፤ በጣም በአክብሮት ነው የተናገርኩት። «ፊውዙን እርስዎ ነዎት የሠሩት? እንዲያ ከሆነ ለሹሙ ይንገሩልኝ። ከሣጥኑ ውስጥ ያወጣሁት የፊውዝ ሽቦዎ እዚህ ተቋጥሯል። ልፍታውና ለጌታዬ ላሳያቸው?»

ሰው ፊቱ አመድ ሲሆን በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። እጁ ሳያውቀው ወደ ካፖርቱ ጫፍ ወረደ። የተተረተረውን ቦታ በዘዴ ሸፈነው።

«ምንድነው እሱ?» አለ ሹሙ።

«ምንም… ምንም አይደለም» አለ የባሌ ወንድም። «እኔ ፊውዝ የሚባል ነገር አልነካሁም ጌታዬ።»

«አሁን ሠራሁ አላልክም?»

«እሷ ናት የሠራችው። ሁሉንም እሷ ናት።»

«ሣጥኑንስ ከፍተኸዋል?»

«አልከፈትኩም። ከላይ ከላይ ነው ያየሁት።»

ሾፌሩ በመስኮት ያየውን ያውቃል። እኔን አየ፣ ካፖርቱን አየ፣ ከዚያ ጣራው ላይ ያለውን ጡሩምባ መጥረግ ጀመረ። ሹሙ ግራ ተጋብቶ፣ ይልቁንም ተቆጥቶ፣ ብዕሩን አነሳ። የተቆጣው በዋሸው ሰው አልነበረም፤ በኔ ነው። ፈቃዱን በስሜ ጻፈና ከሥሩ «ለጊዜው» የምትል ቃል ጨመረባት። ያቺ «ለጊዜው» ሹሙ ተሽሮ ከሄደ በኋላም፣ ሌላው መጥቶ ሌላው ከተተካ በኋላም በየዓመቱ እየታደሰች እዚያው ነበረች። ሱቁን በጊዜያዊነት አሥራ ምናምን ዓመት ሠራሁበት።

ለሹሙ ያልነገርኩት ለዝምድና ብዬ አይደለም። ወርቁን ባወጣው ሰውዬው ይታሰራል፤ ግን እኔም «ከሱቅሽ ነው የወጣው» ተብዬ አብሬ እንደምቆም አውቅ ነበር። ለዚህ ነው ቋጠሮውን ያልፈታሁት። እሱ ግን ስለራራሁለት መሰለው። ማክሰኞ በሚሄደው የጭነት መኪና ሲሳፈር «እግዜር ይስጥሽ፣ የወንድሜ ሚስት» አለኝ። የባሌን ካፖርት እንደለበሰ ሄደ። ካፖርቱን ተውኩለት። ጫፉ ተተርትሯል።

ከዓመታት በኋላ ደብዳቤ ላከልኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀ፣ ስለ ልጆቹ አወራ፣ ትልቁ ልጁ ሬዲዮ ነክ ትምህርት እንደጀመረና «ከአባቱ የወረሰው» እንደሆነ ጻፈ። ከታች፣ ለማንበብ በሚያስቸግር ትንሽ ጽሕፈት፣ «ያቺ በአደራ አንቺ ዘንድ የተውኳት ዕቃ ካለች በታመነ ሰው ብትልኪልኝ» ይላል። አደራ የሰጠኝ ዕቃ አልነበረም። መልስ አልጻፍኩም።

ሽቦው አሁንም አለኝ፤ ሾፌሩ ለቅሞ ካመጣልኝ ከሦስቱ የተቃጠሉ ፊውዞች ጋር በአንድ የክብሪት ቤት ውስጥ ነው። ልጆቹ አባታቸው በነገሌ የሠራውን የሬዲዮ ሥራ ማየት ከፈለጉ ይምጡ። ርዝመቱ ሁለት የጣት አንጓ ያህላል፤ ከዚያ በላይ የሠራው ነገር የለም።